ከካፌይን ፒክ በፊት ያለው ጉድጓድ፦ ብላንኩን ቀንሼም አልጠፋም

አረንጓዴ ቡና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከይርጋጨፌና ከሐረር በመጣ ያልተቆላ ቡና ላይ እሠራለሁ። ካፌይንን፣ ትሪጎኔሊንንና ክሎሮጄኒክ አሲድን በአንድ ትንተና ለመለካት ነው ዓላማዬ። መሣሪያው ዳዮድ አሬይ ዲቴክተር (በብዙ የሞገድ ርዝመት በአንዴ የሚያነብ የብርሃን መለኪያ) ያለው ኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን በፈሳሽ እየገፋ በዓምድ ውስጥ የሚለያይ መሣሪያ) ሲሆን ዓምዱ ሲ18 ነው። የሚፈሰው ፈሳሽ 0.1 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ውኃና አሴቶናይትራይል ሆኖ በግራዲየንት (ድርሻቸው በጊዜ እየተቀየረ) ይሄዳል። ትሪጎኔሊንን በ265፣ ካፌይንን በ273፣ ክሎሮጄኒክ አሲድን በ325 ናኖሜትር እከታተላለሁ።

ችግሬ ካፌይኑ ላይ ነው። በ273 ናኖሜትር ካፌይኑ ሊወጣ ሲል መስመሩ ወደ ታች ይሰምጥና ከዚያ ፒኩ (ንጥረ ነገሩ ሲወጣ በመስመሩ ላይ የሚታየው ጉብታ) ይነሣል። ሶፍትዌሩ የፒኩን መነሻ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይተክላል። በእጅ ወደ ላይ ከፍ ሳደርገው ውጤቱ በጣም ይለወጣል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም። ብላንክ (ቡና የሌለበት ፈሳሽ) ሮጦ ከናሙናው እንዲቀነስ አዝዤ ነበር፤ የግራዲየንቱ ዳገት ተስተካከለ፣ ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በዚያው ቡና ላይ በላብራቶሪያችን በቆየው የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዘዴ የሚገኘው ካፌይን ከእኔ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የታወቀ ካፌይን ጨምሬ የሠራሁት የሪከቨሪ ሙከራ (የጨመርኩት ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚለካ የሚፈትሽ) 100 በመቶ አካባቢ ሰጥቶኛል። ሪከቨሪው ጥሩ ከሆነ ዘዴው ትክክል ነው ማለት አይደለም? መስመሩን በእጅ ልሥለው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?


ኮድ ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ብላንክ መቀነሱን ተዪውና መነሻ መስመሩን በስሌት ገምቺው። ጥሬውን መረጃ አውጥተሽ በፓይተን ላይ ያልተመጣጠነ ትንሹ ካሬ የሚባለውን ዘዴ መጠቀም ይቻላል። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው የሚስተካከሉት፦ አንዱ መስመሩ ምን ያህል ለስላሳ እንደሚሆን ይወስናል፣ ሌላው ከመስመሩ በላይ ላሉት ነጥቦች ምን ያህል አነስተኛ ክብደት እንደሚሰጥ። ፒኮች ከመስመሩ በላይ ስለሚቆሙ ስሌቱ ይንቃቸውና ታቹን ብቻ ተከትሎ ይሄዳል። ለብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ እጅ አይገባበትም፤ ሁሉም በአንድ ሕግ ይታያል።


የጥራት ክፍል፦

ከኮድ ጸሐፊ ጋር በአንድ ነጥብ እስማማለሁ፦ ሁሉም ናሙና በአንድ ሕግ መታየት አለበት። በቀረው አልስማማም። ያ ስሌት ከመስመሩ በታች የሚወርደውን ነጥብ ሁሉ እንደ እውነተኛ ታች ነው የሚቆጥረው። እዚህ ያለው ችግር ራሱ ወደ ታች የወረደ ጉድጓድ ስለሆነ ስሌቱ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ካፌይኑም ይበልጥ ይተልቃል። ማለስለሻውን ብታጠብቂው ደግሞ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፋል፤ ያኔ ግን መልሱን የወሰነው ኬሚስትሪው ሳይሆን አንቺ የመረጥሽው ቁጥር ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ ነው። እኛ ዘንድ ከሶፍትዌሩ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ጉድጓድ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ምንጩ ያልታወቀን ነገር መቀነስ ማስተካከል አይባልም። ብላንኩ ላይ ጉድጓዱ ይታያል? ካፌይን ብቻ ያለበት ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ላይስ?


አረንጓዴ ቡና፦

ብላንኩ ላይ የለም። ካፌይን ብቻ ያለበት ስታንዳርድ ላይም የለም። ናሙናዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ የሐረሩም የይርጋጨፌውም ላይ አለ።


ነባሩ ተንታኝ፦

ልጄ፣ መልሱ ግማሹ ከእጅሽ ላይ ነው። ብላንክ ውስጥ የሌለ ነገር ብላንክ በመቀነስ አይጠፋም። ሚዛን ላይ ባዶውን ዕቃ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ የዕቃውን ክብደት ያነሣል እንጂ ከእህሉ ጋር የተቀላቀለውን ገለባ አያነሣም። ጉድጓዱ የመጣው ከቡናው ውስጥ ካለ ነገር ነው።

አሁን አንድ ነገር ፈልጊልኝ። በዲቴክተሩ ቅንብር ውስጥ ለ273 ናኖሜትር ከተመዘገበው ቀጥሎ «የማጣቀሻ ሞገድ ርዝመት» የሚል መስመር አለ። በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ? በርቶ ከሆነ ስንት ናኖሜትር ላይ፣ በምን ያህል ወርድ?


አረንጓዴ ቡና፦

ጋሼ፣ አገኘሁት። በርቷል። 360 ናኖሜትር፣ ወርዱ 100 ይላል። ለሦስቱም ሲግናሎች አንድ ነው። የትንተናው ዘዴ ሲከፈት አብሮ የመጣ ቅንብር ነው።


ነባሩ ተንታኝ፦

እንግዲያው ጉድጓዱን የሚቆፍረው እሱ ነው። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቅም በዝርዝር ልጻፈው፤ ይህ ቅንብር በብዙ ላብራቶሪ ሳይነካ እንደተቀመጠ ይኖራል።

ዳዮድ አሬይ ዲቴክተር ብርሃኑን በሙሉ በናሙናው ውስጥ አሳልፎ ከዚያ በኋላ በሞገድ ርዝመት ይበትነዋል። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ሁለት ቦታ ማየት ይችላል። የማጣቀሻው ሐሳብ ይህ ነው፦ መብራቱ ቢወዛወዝ፣ ወይም ግራዲየንቱ ሲቀየር የፈሳሹ የብርሃን መስበር ባሕርይ ቢለወጥ፣ ለውጡ በሁለቱም ቦታ ይታያል። ስለዚህ የምንፈልገው ንጥረ ነገር ብርሃን በማይውጥበት የሞገድ ርዝመት ላይ ያለውን ንባብ ከዋናው ላይ ብንቀንስ መስመሩ ይረጋጋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ቁልፉ ግን «በማይውጥበት» የሚለው ቃል ላይ ነው።

360 ላይ ወርዱ 100 ማለት ከ310 እስከ 410 ናኖሜትር ያለው አማካይ ይቀነሳል ማለት ነው። የክሎሮጄኒክ አሲድ ትልቁ ብርሃን መዋጫ የት ነው? አንቺው ጽፈሽዋል፤ 325። በማጣቀሻው ክልል ውስጥ ተቀምጧል። ካፌይን በዚያ ክልል ምንም አይውጥም፤ ትሪጎኔሊንም እንዲሁ። ክሎሮጄኒክ አሲድ ግን በ273 ናኖሜትር ያለው ዋጣ አነስተኛ ሆኖ በማጣቀሻው ክልል ያለው ከበድ ይላል። ከትንሹ ላይ ትልቁ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በሲ18 ዓምድ ላይ የክሎሮጄኒክ አሲድ ወንድማማቾች ከካፌይን ግራና ቀኝ ስለሚወጡ ጉድጓዱ ልክ በካፌይኑ እግር ሥር ይቆፈራል።

ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው የታዘዘውን ነው። የሲግናሉን ተዳፋት እያየ መውጣት ሲጀምር «ፒክ ተነሣ» ይላል፤ መውጣት የጀመረው ከጉድጓዱ ወለል ነው። ከዚያ እስከ ፒኩ ማብቂያ ቀጥ ያለ መስመር ይሠምርና በመሐል ያለውን ሁሉ ካፌይን ብሎ ይመዘግባል። የጨመረልሽ ያ ከታች ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። ካፌይን ብቻ ያለበት ስታንዳርድ ላይ ክሎሮጄኒክ አሲድ ስለሌለ ጉድጓድ የለም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ተጣፍቶ አይቀርም። ናሙናው ይተልቃል፣ ስታንዳርዱ በቦታው ይቆያል።

ስለ ሪከቨሪው። የጨመርሽው ካፌይን የናሙናውን ክሎሮጄኒክ አሲድ አልለወጠውም፤ ጉድጓዱ በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት ነው። ሪከቨሪ የሚሰላው በሁለቱ ልዩነት ስለሆነ እኩል የተጨመረው ትርፍ ተቀናንሶ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ቋሚ ትርፍ ላይ ሪከቨሪ 100 በመቶ መሆኑ ስለ ትክክለኛነቱ ምንም አይመሰክርም። ናሙናውን ማቅጠንም አያሳየውም፤ ጉድጓዱና ፒኩ አብረው ያንሳሉና። የመሰከረልሽ በሌላ መንገድ የተሠራው የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዘዴ ነው። እሱን ማነጻጸርሽን እጅግ ወድጄዋለሁ። አይኤስኦ 20481 የሚባለው የቡና ካፌይን መለኪያም ቡናውን በ90 ዲግሪ ውኃ ከማግኒዚየም ኦክሳይድ ጋር ያወጣል፤ ኦክሳይዱ አሲዶቹን ይዞ ያስቀራቸዋል፣ ካፌይኑም ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ ይወጣል። አንቺ ክሎሮጄኒክ አሲዱንም ስለምትፈልጊው ያን መንገድ መከተል አልቻልሽም፤ በልክ ነው።


ኮድ ጸሐፊ፦

ይህን አላወቅሁም ነበር፤ አመሰግናለሁ ጋሼ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ታዲያ በ325 ናኖሜትር የሚለካው ክሎሮጄኒክ አሲድ ራሱ አይበላሽም? ማጣቀሻው ከራሱ ላይ እየቀነሰ ነው።


ነባሩ ተንታኝ፦

ይቀንሳል፤ ከሲግናሉ ጉልህ ክፍል ይሄዳል። ነገር ግን ስታንዳርዱም በዚያው ቅንብር ስለተለካ በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል፤ መጠኑ ስለዚህ ከሞላ ጎደል ይስማማል። የሚጎዳው ትንሹን የመለየት አቅም ነው፤ ሲግናሉ አንሶ ጫጫታው ይቀራል። አንዱ ስሕተት በሁለቱም ወገን ሲጣፋ ሌላው በአንድ ወገን ብቻ ሲቀር ልብ በሉ። «ስታንዳርዴም በዚያው ዘዴ ስለተሠራ ችግር የለም» የሚለው ክርክር ለ325 ያዋጣል፤ ለ273 አያዋጣም።


አረንጓዴ ቡና፦

ጋሼ፣ ናሙናዎቹን ሁሉ እንደገና ማስገባት አለብኝ ማለት ነው? ግማሹ ናሙና አልቋል።


ነባሩ ተንታኝ፦

ዲቴክተሩ ሙሉውን ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን ንባብ) እንዲያስቀምጥ ታዝዞ ከሆነ ምንም አትድገሚ። ማጣቀሻው የሚቀነሰው ከተመዘገበው ሲግናል ላይ ነው፤ ስፔክትረሙ ግን ለብቻው ተቀምጧል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ከስፔክትረም ፋይሉ ላይ የ273ቱን ክሮማቶግራም (ሲግናሉ በጊዜ የሚሥለውን መስመር) ያለ ማጣቀሻ አዲስ አውጪ። ስታንዳርዶቹንም በዚያው መንገድ አውጪ፤ አንዱን ያለ ማጣቀሻ፣ ሌላውን በማጣቀሻ ማድረግ ከመጀመሪያው ይብሳል። ስፔክትረም ካልተቀመጠ ግን የተቀነሰውን መመለስ አይቻልም።

ለወደፊቱ ማጣቀሻ የግድ ካስፈለገሽ ከሁሉም ንጥረ ነገር ርቀሽ አስቀምጪው፤ ላልተቆላ ቡና ከ450 ናኖሜትር በላይ ይሆናል። የተቆላ ቡና ብትሠሪ ግን ይለያል። ሲቆላ የሚፈጠሩት ቡናማ ቀለሞች እስከሚታየው ብርሃን ድረስ ይውጣሉ፤ በ420 ናኖሜትር የሚለኩትም ለዚህ ነው። ከመስመሩ በታች እንደ ሰፊ ጉብታ ይተኛሉ። እነርሱን በካሬዝ ፈሳሾች (ቆሻሻውን አዝቅጠው በሚያጠሩ) አስቀድሞ ማጥራት ከማንኛውም የሶፍትዌር ቅነሳ ይሻላል።


ቅጠል መርማሪ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እኔ ጫት ላይ ካቲኖንን (የጫቱን አነቃቂ ንጥረ ነገር) በጂሲ-ኤምኤስ (በጋዝ ለያይቶ አዮኖቹን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) እመረምራለሁ። እዚያም ዳራ መቀነስ የሚሉት አለ፦ ከፒኩ አጠገብ ያለውን ስፔክትረም ከፒኩ ስፔክትረም ላይ መቀነስ። ከዓምዱ የሚደማው ሲሊኮን የ73፣ የ207ና የ281 አዮኖችን ስለሚያመጣ ያለ ቅነሳ ከቤተ መጻሕፍቱ (ከታወቁ ስፔክትረሞች ስብስብ) ጋር ማመሳሰል ያስቸግራል።

አደጋው እዚህ ነው። የካቲኖን ትልቁ አዮን 44 ነው። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 44 ነው። ትንሽ የአየር ልቅነት ባለበት መሣሪያ ላይ ዳራውን ካልቀነስኩ 44 ከመጠን በላይ ይገናል፤ የፒኩን ጅራት ወይም ትከሻ እንደ ዳራ ወስጄ ከቀነስኩ ደግሞ የራሱን የካቲኖኑን 44 እቆርጣለሁ፣ ከዚያ 77ና 105 ብቻ ይቀሩና ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ስም ይሰጠኛል። አንዳንዶች ከአየሩ ለመሸሽ መቃኘቱን ከ50 ይጀምራሉ፤ ያኔ ዋናውን አዮን ጭራሽ አያዩትም። እኔ ዳራውን ከፒኩ ግራና ቀኝ ካለው ጠፍጣፋ ቦታ እየወሰድኩ አማካዩን እቀንሳለሁ፤ ሁልጊዜም ያልተቀነሰውን ስፔክትረም አያይዤ አስቀምጣለሁ። ልቅነቱን መዝጋት ግን ከሁሉ ይቀድማል።


የጥራት ክፍል፦

ቅጠል መርማሪ ያልተቀነሰውን ማስቀመጥ ያለው ትልቅ ነገር ነው። ብላንክ ስለ መቀነስም አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው ነፃ ነገር ይመስለዋል። ናሙናውም ብላንኩም የየራሱ ጫጫታ አለው። አንዱን ከሌላው ስትቀንሱ ጫጫታው አይቀነስም፤ ይደመራል። እኩል ከሆኑ በ1.41 እጥፍ ያድጋል። የመለየት ወሰን ሲግናሉ ከጫጫታው 3 እጥፍ፣ የመለካት ወሰን 10 እጥፍ በሆነበት ስለሚቀመጥ ትንንሽ ፒክ ለሚፈልግ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ሌላም አለ፦ ብላንኩ ውስጥ ያለ ፒክ ከናሙናው ጋር በመውጫ ጊዜ ጥቂት ቢዛነፍ፣ ቅነሳው አንድ ጎን ወደ ላይ አንድ ጎን ወደ ታች የሆነ የውሸት ሞገድ ይፈጥራል። ሶፍትዌሩ የላይኛውን ጎን ፒክ ብሎ ይመዘግበዋል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። አረንጓዴ ቡና «በእጅ ልሥለው ወይ» ብለሽ ነበር። በእጅ ማድረግ በመድኃኒት ቁጥጥር ሕግም ክልክል አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የመረጃ ታማኝነት መመሪያ ስለ ክሮማቶግራፊ የሚለው የመጀመሪያው መረጃ እንዳይሰወር፣ የተለወጠው ሁሉ በክትትል መዝገብ ላይ እንዲታይ ነው። ሰው በፒኩ ጎን እየላጨ ውጤቱን ወደሚፈልገው ቁጥር ያወረደበት ታሪክ በሙያችን ስላለ ነው ጥብቅነቱ። እኔ ሁልጊዜ የምለው፦ በእጅ የምትሥዪበትን ሕግ ከቁጥሩ በፊት ጻፊው። ውጤቱን ካየሽ በኋላ የተመረጠ መስመር፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚያስከትለው ጥርጣሬ አይነጻም።


ነባሩ ተንታኝ፦

ሙሉ በሙሉ ልክ ነህ። ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት የክሮማቶግራሙን ወረቀት በመቀስ ቆርጠን በሚዛን እንመዝነው ነበር። መስመሩን ያሠመረው ሰው በእርሳስ ያሠምራል፣ ሁሉም ያያል፣ ወረቀቱም ይቀመጣል። ወይም ቁመቱን በግማሽ ቁመት ላይ ባለው ወርድ እናባዛና በ1.064 እናስተካክል ነበር፤ ለተመጣጠነ ፒክ ትክክለኛውን ስፋት ይሰጣል። ዛሬ እርሳሱ ሶፍትዌር ውስጥ ስለገባ ብዙ ወጣት መስመር መሠመሩን ራሱ አያየውም። ልጆቼ፣ የስፋት ሠንጠረዡን ከማንበባችሁ በፊት የተሠመረውን መስመር አጉልታችሁ እዩ፤ የፒኩን ጫፍ ሳይሆን እግሩን።


አረንጓዴ ቡና፦

ስፔክትረሙ ተቀምጦ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የ273ቱን ያለ ማጣቀሻ አወጣሁት፤ ስታንዳርዶቹንም አብሬ። ጉድጓዱ የለም። በእሱ ቦታ ከካፌይኑ በፊት ትንሽ ፒክ፣ ከኋላውም ጅራቱ ላይ ትንሽ ትከሻ የመሰለች ፒክ ብቅ ብላለች። ስፔክትረማቸውን ሳይ ሁለቱም የክሎሮጄኒክ አሲድ መልክ አላቸው፤ ጫፋቸው 325 አካባቢ ነው። የካፌይኑ መጠን ወርዶ ከማግኒዚየም ኦክሳይዱ ዘዴ ጋር ተቀራርቧል፤ ለአረቢካ ከሚጠበቀው ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ውስጥም ነው። ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

የቀረኝ ያቺ ከኋላ ያለችው ፒክ ናት። ሶፍትዌሩ ከሸለቆው ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከካፌይኑ ጅራት ላይ በታንጀንት (ጅራቱን ተከትሎ በሚሠመር መስመር) ልግፈፋት ወይስ እንዲህ ይቆይ?


ኮድ ጸሐፊ፦

ኢምፓወር የሚባለውን የክሮማቶግራፊ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ አፔክስ ትራክ የሚባለው አማራጭ በሁለተኛው ዴሪቫቲቭ ስለሚሠራ ትከሻን ከተዳፋት ብቻ ከሚያየው ይልቅ ቀድሞ ያገኘዋል። ነገር ግን ያገኘውን እንዴት እንደሚከፍል አሁንም አንቺው ነሽ የምትወስኚው። ነጥቦቹም በቂ ይሁኑ፤ በአንድ ፒክ ላይ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ካልተመዘገበ ሸለቆው የት እንደሆነ በደንብ አይታወቅም።


ነባሩ ተንታኝ፦

በልምድ የሚያዘው ሕግ ይህ ነው፦ የትንሿ ቁመት ከትልቁ አንድ አሥረኛ በታች ሆኖ ጅራቱ ላይ ከተቀመጠች በታንጀንት ትገፈፋለች፤ ከዚያ በላይ ከሆነች ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ቀጥ ያለው ቁራጭ ጅራት ካለው ትልቅ ፒክ በኋላ ለምትመጣ ትንሽ ፒክ የትልቁን ጅራት ያሸክማታል፤ ትንሿ ከሚገባት በላይ ትተልቃለች። ለካፌይኑ ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ከትልቅ ላይ ጥቂት ቢሄድ መቶኛው ብዙ አይነቃነቅም። ስለዚህ ካፌይኑን በ273 በዚያው ሕግ ለሁሉም ናሙና ለኪው፤ ትንሿን ግን በ273 አትለኪያት። እሷን በ325 ለኪያት፤ እዚያ ካፌይን ስለማይታይ ለብቻዋ ቆማ ታገኛታለሽ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አለያይቶ መገላገል ነው። ካፌይን በዚህ ክልል ቻርጅ የለውም፤ የፈሳሹ ፒኤች ቢለወጥ ቦታውን አይለቅም። ክሎሮጄኒክ አሲድ ግን ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) 3.4 አካባቢ ነው። አሁን ፒኤችሽ 2 አካባቢ ስለሆነ አሲዱ ከሞላ ጎደል ቻርጅ አልባ ሆኖ በዓምዱ ላይ ይቆያል። ፒኤቹን በፎስፌት ባፈር ወደ 2.7 ወይም 2.8 ብታነሽው የአሲዱ ጥቂት ክፍል ቻርጅ ይይዝና ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ካፌይኑ ባለበት ይቆማል። ከዚያ በላይ ወደ 3.4 አትጠጊ፤ እዚያ ትንሽ የፒኤች ለውጥ መውጫ ጊዜውን በጣም ያናውጠዋል፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ ክሮማቶግራም ይዘሽ ትቀሪያለሽ። መጀመሪያ ከካፌይኑ በፊት ያለችውን ተመልከቺ፤ እሷ ትርቃለች። የኋለኛዋ ግን ወደ ካፌይኑ ልትጠጋ ወይም አልፋው ልትወጣ ስለምትችል ፒኤቹን በትንሽ በትንሹ እያነሣሽ በስፔክትረሟ ተከታተያት።


የጥራት ክፍል፦

በጽሑፍሽ የዘዴ ምዕራፍ ላይ እነዚህን አስፍሪ፦ የማጣቀሻ ሞገድ ርዝመት መጥፋቱን፣ ክሮማቶግራሙ ከስፔክትረም ፋይል መውጣቱን፣ ብላንክ እንዳልተቀነሰ፣ ሸለቆው በምን ሕግ እንደተቆረጠ፣ በእጅ የተነካ ፒክ ካለ የትኛው እንደሆነና ለምን። ከዚያ አንድ የናሙና ክሮማቶግራም መስመሩ እንደተሠመረ አጉልተሽ በሥዕል አስገቢ። ቡና ላይ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች የዓምዱን ርዝመት በትክክል ይነግሩናል፤ መስመሩ እንዴት እንደተሠመረ ግን አንድ ቃል የላቸውም።


አረንጓዴ ቡና፦

እጽፋለሁ። ባፈሩን ነገ አዘጋጃለሁ፤ በ2.5 ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። የቀድሞውን ባለጉድጓድ ክሮማቶግራምና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጌ እዚሁ አስቀምጣለሁ፤ ተመሳሳይ ቅንብር ይዞ የሚሠራ ሰው እንዲያየው።